ዳገት ላይ ሳይደነግጡ መነሣት

መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ዳገት በታየ ቁጥር መሪውን ለሌላ ሰው የምትለቁ እናቶችና እኅቶች ስንት ትሆናላችሁ? በመለማመጃ ሜዳ ላይ ያለ ችግር ስትነዳ የነበረች ሴት ከተማ ገብታ አቀበት ላይ ስትቆም፣ ከኋላዋ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባ ሲነፋባት ሞተሩ ይጠፋባታል። መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤ ልብ ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ «መንዳት የእኔ ነገር አይደለም» ይባልና ፈቃዱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በዛሬው ጽሑፋችን ባለ ማርሽ መኪናን ከቆመችበት አስተካክሎ ስለ ማስነሣት እንነጋገራለን። ነገሩ የተፈጥሮ ድፍረት ሳይሆን የግራ እግር ልምምድ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ክፍል እንውሰድ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰውን፣ ቻይናውያን የሠሩትን መንገድ የተጓዘ ሁሉ አቀበቱንና ጠመዝማዛውን አይረሳም። በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴም ደጋው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ስለሚያዘነብል ሜዳ መንገድ ብርቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ጉልበት የጠየቀውን ዛሬ ሞተር ይሠራዋል። ከባዱ ሥራ ግን አሁንም ያው ነው፤ የቆመን ነገር ከቦታው ማነቃነቅ።

በመጀመሪያ የፍሪሲዮንን ሥራ እንረዳ። ሞተር ከተነሣ በኋላ ነዳጅ ባይሰጡትም እንኳ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጎማው ግን ቆሟል። የሚዞረውንና የቆመውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሲለቀቅ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሚዞረው ክፍል ጋር ይያያዛል። ሕፃን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስታቀብሉ ተቀባይዋ አጥብቃ መያዟን ሳታዩ እጃችሁን አትለቁም። ሞተሩም ክብደቱን ለጎማው የሚያስረክበው እንዲሁ ነው። እግራችሁን ድንገት ብታነሡ ሞተሩ የማይችለው ሸክም ይወድቅበትና መኪናዋ ዘልላ ትጠፋለች። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባል የለም?

ሁለቱ መያያዝ የሚጀምሩበትን ቦታ አሽከርካሪዎች ሚዛን ይሉታል። እርሱን ለማግኘት በሜዳና ሰው በሌለበት ስፍራ ተለማመዱ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጣችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ነዳጅ በጥቂቱ ስጡና የግራ ተረከዛችሁን መሬት አስደግፋችሁ ፔዳሉን በቀስታ ልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ሲወፍርና የመኪናዋ አካል ሲንቀጠቀጥ ሚዛኑ ላይ ደርሳችኋል። እዚያ ላይ እግራችሁን ያዙት። መኪናዋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቀሪውን ልቀቁ። ይህን በአንድ ቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ የደጋገመች ሴት ሚዛኑን ዓይኗን ጨፍና ብትጠየቅ በእግሯ ታውቀዋለች። የሌላ ሰው መኪና ስትነዱ ደግሞ ሚዛኑ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል አስቀድማችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ዳገቱ እንሂድ። በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መኪናዋን አጥብቆ መያዙን አረጋግጡ። የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ከሜዳው ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ስጡ። ፍሪሲዮኑን እስከ ሚዛኑ አንሡ። መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ላይ ወደ ፊት ስትስብ ይሰማችኋል። ያን ሳይሰማችሁ እጃችሁ ፍሬኑን እንዳይለቅ። ስፖኪዮ ተመልከቱ፤ የእጅ ፍሬኑን አውርዱ፤ ነዳጅ ጨምሩ። መኪናዋ አንድ ጋት እንኳ ወደ ኋላ ሳትል ትነሣለች።

ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ባሕር ዳር በትንሽ ነዳጅ የምትነሣ መኪና ጋይንት ላይ የምትጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእናንተ ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ ነዳጁን ጥቂት ጨምሩላት።

ሞተሩ ቢጠፋስ? ከሁሉ በፊት የእግር ፍሬን ርገጡ፤ ቀጥሎ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ እንደገና አስነሡ። ከኋላ የሚነፋው ጥሩንባ መኪና አይገፋም፤ ይጠብቅ። ፊት ለፊታችሁ ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እናንተም የኋላ ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ ማየት እስክትችሉ ድረስ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

በሌላው ዓለም በቀጥታ መስመር 402 ሜትር የሚሽቀዳደሙ ሰዎች አሉ። ባለ ማርሽ መኪና የያዘው ተወዳዳሪ የሚጨነቀው ስለዚሁ ስለ አነሣሡ ነው። ነዳጅ አብዝቶ ፍሪሲዮኑን ቢወረውር ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፤ አሳንሶ ቢሰጥ ሞተሩ ይታፈናል። በዚህ የውድድር ዓይነት ሸርሊ ማልዳውኒ የተባለች አሜሪካዊት እናት እ.አ.አ. በ1977፣ በ1980 እና በ1982 ከፍተኛውን የሻምፒዮንነት ማዕረግ አግኝታለች። እኛ ለውድድር ባንወጣም ትምህርቱ ይጠቅመናል፤ በክረምት ጭቃ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ራሱን ይቀብራልና። ጭቃ ላይ በሁለተኛ ማርሽና በለሰለሰ ነዳጅ መነሣት ይሻላል።

ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ የመጣው በሴት ምክንያት መሆኑን ታውቃላችሁን? እ.አ.አ. በነሐሴ ወር 1888 በርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ እርሱ በሠራው መኪና 106 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። አቀበት ላይ ልጆቿ እየወረዱ ገፉ፤ ፍሬኑ ሲበላባት ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። ስትመለስ ችግሩን ለባሏ ነገረችውና ለዳገት የሚሆን ማርሽ ተጨመረ።

ከዚህም ሌላ ጥቂት ምክር እንጨምር። መኪናን ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዞ ማቆየት ሸራውን ያቃጥላል፤ ሽታው ሲመጣ ገንዘባችሁ እየነደደ መሆኑን ዕወቁ። ከተነሣችሁ በኋላ ግራ እግር ፔዳሉ ላይ አይረፍ። ተረከዝ ያለውና ከኋላ የማይታሰር ጫማ ለመንዳት አይሆንም። የነጠላችሁ ጫፍ የእጅ ፍሬኑን ወይም ካምቢዮውን እንዳይጠልፍ ሰብስቡት። ለጎማ የተደረገ የድንጋይ ታኮ መንገድ ላይ አይተው፤ ለሚመጣው አደጋ ነው።

የማትነዱም እናቶች ድርሻ አላችሁ። ዳገት ላይ ከቆመ መኪና በስተኋላ ልጅ እንዳያልፍ፣ እንዳይንጠለጠል አስተምሩ። እጅግ የሠለጠነ ሹፌር እንኳ ሲነሣ ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል፤ የልጅ ቁመት ደግሞ በስፖኪዮ ላይታይ ይችላል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኑ ይታወቃል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ፍሪሲዮን የላቸውም። ይሁን እንጂ በየከተማው ያሉት አሮጌ መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች በአንድ ጀምበር አይጠፉም። ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ወይም ትኩሳት ያደከመው ሕፃን በር ላይ ሲመጣ የሚገኘው ባለ ማርሽ መኪና ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉን ተቀብላ ዳገቱን የምትወጣ ሴት በቤቱ ውስጥ ብትኖር መልካም ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ከሳጥኑ አውጡት፤ በዚህ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ልምድ ካለው ሰው ጋር አንድ ትንሽ ዳገት ምረጡና ጀምሩ።