አንግሊሩና በሮቹ

ስፔናውያን ተራራውን አሳብሮ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ቦታ «ፑዌርቶ» ይሉታል። በዚሁ ቃል የባሕር ወደብንም ይጠሩበታል። እኛም ጣርማ በርን «በር» ያልነው በተመሳሳይ ስሜት ነው፤ ተራራው ግድግዳ ነው፣ መንገድ የሚያሳልፈው ክፍተት ደግሞ በር። በሰሜን ስፔን ባለችው በአስቱሪያስ ግዛት የብስክሌት ነገር ሲነሳ ግን ዓለም የሚያውቀው አንዱንም በር አይደለም፤ የሚያውቀው አንግሊሩን ነው። አንግሊሩ ሽቅብ ወጥቶ አናቱ ላይ የሚያበቃ፣ ወዴትም የማያሻግር አቀበት ነው። ይህ ዝና የአስቱሪያስን የብስክሌት መንገዶች በተሳሳተ ሚዛን እንድንመዝናቸው አድርጎናል ብዬ እከራከራለሁ። ግዛቲቱ የመንገድ ገንዘቧንና የማስተዋወቅ ጉልበቷን ማዋል ያለባት ሸለቆን ከሸለቆ በሚያገናኙት የቆዩ በሮች ላይ ነው። ከአንግሊሩ የባሰ ዳገት ፍለጋው እስካሁን የተደረገው ይበቃል።

አንግሊሩ መጀመሪያ ከብት ወደ ተራራ ግጦሽ የሚነዳበት መንገድ ነበር። ከሪዮሳ ተነስቶ 12.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣና 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያበቃል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስሙ ፍየሎችን በሚያነሳው ኩዌኛ ለስ ካብረስ በተባለው ቦታ ላይ ደግሞ 23.5 በመቶ ይደርሳል። በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፔን የዓይነ ስውራን ድርጅት በኦንሴ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ለቩዌልታ፣ ማለትም ለዙረ ስፔን ውድድር አዘጋጆች ደብዳቤ ጽፎ ይህን ዳገት ጠቆማቸው። በ1999 ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣበት፤ ሆሴ ማሪያ ሂሜኔስም በጉም ውስጥ ሩሲያዊውን ፓቬል ቶንኮቭን ደርሶበት አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ አዘጋጆቹ ሌላ አንግሊሩ ሲያድኑ ኖረዋል። በ2012 ከፓሃሬስ በር በላይ ባለው በኩይቱ ኔግሩ፣ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ላይ በወጣ አስፋልት ተወዳዳሪዎቹን አስወጡ። በ2018 ሌስ ፕራዬሬስ የተባለውን አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት ጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ የቴሌኮም አንቴናዎች ወዳሉበት ወደ ጋሞኒቴይሩ አናት ዘለቁ። ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ የወጣህበትን መንገድ ተመልሰህ ትወርደዋለህ።

እንዲህ ያለው ዳገት ለተራው ብስክሌተኛ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ይታያል። ብስክሌቱን ጨምሮ 78 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ20 በመቶ ዳገት ላይ ሲወጣ ስበት ብቻውን በ150 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጤናማና ልምድ ያለው አዋቂ ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያመነጭ የሚችለውን 180 ዋት ቢያወጣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ የእግረኛ ፍጥነት ነው፤ እንዲያውም ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይቀድመዋል። በዚህ ፍጥነት ፊት ጎማው ይወላገዳል፤ ማርሹ የቱንም ያህል ቢቀል እግር ከፔዳል ወርዶ መሬት ይረግጣል። ያው ሰው በ7 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ትንፋሹ ቢያጥርም ዙሪያውን ለማየት ፋታ አለው። ባለሙያው እንኳ 400 ዋት እያወጣ ያን ግድግዳ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚወጣው። ቁልቁለቱ ደግሞ ከአቀበቱ ይከፋል። የአስቱሪያስ ተራሮች ከካንታብሪያ ባሕር የሚመጣው ዝናብና ጉም የማይለያቸው ናቸው። በረጠበ አስፋልት ላይ 20 በመቶ ቁልቁለት መውረድ ማለት ከአናት እስከ ግርጌ ፍሬን ጨብጦ መቆየት ነው። ባትሪ ያለው ብስክሌት ይህን ፈትቶታል የሚሉ አሉ። ሞተሩ አቀበቱን ያቃልላል፤ ሲወርዱ ግን የብስክሌቱ ክብደት ፍሬኑ ላይ ሸክም ይጨምራል።

በሮቹ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከፖላ ዴ ሌና ተነስቶ ላ ኮቤርቶሪያን የሚወጣ ሰው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ሌላ አገር ይከፈትለታል፤ ከኋላው የከሰልና የፋብሪካ ከተሞች፣ ከፊቱ የኪሮስ ሸለቆ። ቁልቁል ወርዶ ባርሳና ይገባል፤ ወንዙን ተከትሎ ጥቂት እንደሄደ ወደ ቴቤርጋ ይታጠፋል፤ እዚያ ምሳውን ከበላ በኋላ ሳን ሎሬንሶ ይጠብቀዋል። ሳን ሎሬንሶ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ አማካዩም ከ8 በመቶ በላይ ነው፤ ስለዚህ በሮቹን የምወድላቸው ቀላል ስለሆኑ አይደለም። ካስቲያን ከባሕሩ ጋር ያገናኝ የነበረው ጥንታዊው የላ ሜሳ የንጉሥ ጎዳና የሚያልፈው በዚሁ ከፍታ ነው። በሩን ሲሻገሩ የሚገኘው ሶሚዬዶ ነው፤ በ1988 የተፈጥሮ ፓርክ የሆነው፣ ቡናማ ድቦች የሚኖሩበት፣ ባኬይሮስ የሚባሉት ከብት አርቢዎች በጋውን የሚያሳልፉባቸው የሳር ክዳን ጎጆዎች ዛሬም የቆሙበት አገር። ባኬይሮስ ክረምቱን ዝቅ ባለው አገር ከርመው በጋ ሲገባ ከነከብታቸው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር። ብስክሌተኛው ዛሬ የሚንፏቀቅባቸው ብዙዎቹ መስመሮች በመጀመሪያ በእነሱ ከብቶች እግር የተጠረጉ ናቸው። ከቴቤርጋ ወደ ደቡብ ለሚሄድ ደግሞ 1,587 ሜትር ላይ ያለው ቤንታና አለ፤ ረጅም ነው፣ በቢች ዛፍ ጫካ መካከል ቀስ እያለ ይወጣና ሰውን ወደ ሌዮን ደጋ ያሻግረዋል። ይህን ሁሉ ለማየት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያስፈልጋል፤ ማደሪያ፣ ራት፣ ቁርስ፣ የተቀደደ ጎማ የሚቀየርበት ቤትም እንዲሁ። አንግሊሩን ሊወጣ የሚመጣው ሰው ግን መኪናውን ግርጌ ያቆማል፣ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንግሊሩ ባይኖር ስለ ሪዮሳ ማን ይሰማ ነበር? አካባቢው የድንጋይ ከሰል አገር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለማያተርፉ ማዕድኖች እንዲሰጥ የፈቀደው የመንግሥት ድጎማ በ2018 መጨረሻ ሲያበቃ አብዛኞቹ የቀሩት የስፔን የከሰል ጉድጓዶች ተዘግተዋል። አስቱሪያስ በስፔን ካሉት ግዛቶች ሁሉ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የበዙባት ናት፤ ወጣቱ ወደ ማድሪድ ይሄዳል። እንዲህ ላለ ወረዳ ስሙን በዓለም ያስጠራ ዳገት በረከት ነው፤ በዚህ የሚኮራን ሰው መናቅ አይገባም። ይሁን እንጂ በረከቱ ምን ያህል እንደሆነ እንቁጠረው። ከ1999 እስከ 2025 በተካሄዱት 27 ውድድሮች ቩዌልታ አንግሊሩ ላይ የወጣው 10 ጊዜ ነው። በወጣ ቁጥር ካሜራው የሚቆየው አንድ ከሰዓት ነው፤ በማግስቱ ውድድሩ ሌላ ግዛት ነው። ዝናው ሰዎችን ወደ አስቱሪያስ ማምጣቱን አልክድም። የምክደው ዝናው እየቀጠለ እንዲሄድ ሌሎች አንግሊሩዎች ያስፈልጋሉ የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ የመጣው እንግዳ ሁለተኛ እንዲመጣና እንዲያድር የሚያደርገው የመንገዶቹ ትስስር ነው።

ለውድድሩ ለራሱ ግድግዳው ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። ነገር ግን በ2002 ተወዳዳሪው ዴቪድ ሚላር ከአንግሊሩ በፊት ባለው በኮርዳል በር ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ አንግሊሩን ወጥቶ፣ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሲቀረው ቆሞ የመወዳደሪያ ቁጥሩን አስረክቦ ሄደ። ያ ተቃውሞ ዛሬም የሚነገረው የግድግዳ ፍቅር ወሰን እንዳለው ስላሳየ ነው። ከዚህም ሌላ መጨረሻው እንዲህ ቀጥ ያለ ሲሆን ማንም ቀድሞ አይሞክርም፤ ሁሉም ጉልበቱን ለመጨረሻዎቹ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ይቆጥባል። በተከታታይ በሮች ላይ ግን ከሩቅ የሚነሳ ሰው ተስፋ አለው፤ ቁልቁለቱና የሸለቆው ንፋስም የጨዋታው አካል ይሆናሉ። ይህ የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አልገፋበትም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የኮባዶንጋ ሐይቆች ናቸው። እነሱም ማለፊያ የላቸውም፤ መንገዱ ኤኖልና ኤርሲና ከተባሉት ሐይቆች አጠገብ ያበቃል። ሆኖም በ1983 ማሪኖ ሌሃሬታ ካሸነፈበት ጊዜ ጀምሮ የቩዌልታ ልብ ሆነው ኖረዋል፤ እንግዳውም በየዓመቱ ይጎርፋል። ይህ የእኔን ክርክር አያፈርሰውም ወይ? በከፊል ይነካዋል፤ መጨረሻ ያለው መንገድ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ሐይቆቹን ያቆያቸው ዳገታቸው እንዳልሆነ ልብ እንበል። ቦታው በ1918 የተቋቋመው የስፔን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። መንገዱ ከብስክሌት በፊት የቡፌሬራ ማዕድን መንገድ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በበጋ የግል መኪናዎች በቀኑ ብዙ ሰዓት እንዳይወጡ ይከለከላሉ፤ ጎብኚው ከካንጋስ ዴ ኦኒስ በአውቶቡስ ይወሰዳል። ለብስክሌተኛው ይህ ከየትኛውም አዲስ አስፋልት ይበልጣል። ከሐይቆቹ መቅዳት ያለብን ይህንን አሠራር ነው፤ ሌሎቹ አንግሊሩን ሲቀዱ የቀዱት ግን ዳገቱን ብቻ ነው።

የገበሬውና የጭነት መኪና ነጂው ቅሬታስ? በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ በዝግታ ከሚወጡ ብስክሌተኞች ኋላ መንዳት ያበሳጫል፤ መንገዱም በመጀመሪያ የነዋሪው ነው። የስፔን ሕግ ብስክሌተኛን ቀድሞ የሚያልፍ ነጂ ቢያንስ 1.5 ሜትር ርቀት እንዲጠብቅ ያዛል፤ በ2022 በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ይህን ለሚጥስ የሚቀነሰውን የመንጃ ፈቃድ ነጥብ ከ4 ወደ 6 አሳድጎታል። የትራፊክ ባለሥልጣኑ ብስክሌተኛ የሚበዛባቸውን አንዳንድ መንገዶች በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ፍጥነት የሚቀነስባቸው የተጠበቁ መስመሮች አድርጓቸዋል። ይህ አሠራር ለበሮቹ ቢስፋፋ ነዋሪው የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚያገኘውም አለ፤ ላ ኮቤርቶሪያ ሲጠገን የኪሮስ ገበሬ ወደ ሌና ገበያና ወደ ሐኪም ቤት የሚወጣበት መንገድ ነው የተጠገነው። የአንቴናው መንገድ ሲታደስ የሚጠቀመው የአንቴናው ጠጋኝና ላሞች ናቸው። ላሞቹ አስፋልት አልጠየቁም።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ከድሮው የማዕድን ባቡር ሐዲድ የተሠራው የድቡ ጎዳና ከኪሮስና ከቴቤርጋ ሸለቆዎች ወደ ታች ለጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልጅም አዛውንትም ይሄድበታል። የጎደለው ከዚህ ለጥ ካለው ጎዳና ወደ በሮቹ የሚመራ ምልክት፣ ከክረምት በኋላ ጠጠሩን የሚጠርግ ሠራተኛ፣ በየበሩ አናት ላይ ውኃና መጠለያ ነው። ፓሃሬስን ተመልከቱት። 1,378 ሜትር ላይ ያለው ይህ በር ለዘመናት አስቱሪያስን ከካስቲያ ያገናኝ የነበረ ዋና መንገድ ነው። በ1983 የኡዌርና የክፍያ አውራ ጎዳና ሲከፈት ብዙው መኪና ወደዚያ ዞረ፤ በኅዳር 2023 ደግሞ ከተራራው ሥር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የፈጣን ባቡር ዋሻ ሥራ ጀመረ። አሮጌው ጥምዝምዝ መንገድ አሁን ጸጥ ብሏል። ወደ ኩይቱ ኔግሩ የተዘረጋው አስፋልት የሚጀምረው ከዚያው በር ነው፤ በ2012 ካሜራዎቹ በበሩ በኩል አልፈው ወደዚያ ወጡ።