ካሜራው ይጠገን ወይስ ይለወጥ? የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ሒሳብ

በጎንደር ፒያሳ የፎቶግራፍ ሥራ የቀልድ ሥራ አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባቆማቸው ሕንፃዎች መካከል፣ ከፋሲል ግቢ አጠገብ በሚገኘው በዚህ ሰፈር የሠርግ፣ የምረቃ፣ የልደትና የጉርድ ፎቶ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ጥር ሲገባ ገበያው ይሞቃል። ጥር 11 ቀን ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ይከበራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደረባል።

ታዲያ በዚህ መሀል የባለ ፎቶ ቤቱ ካሜራ ድንገት «ኤረር» ብሎ ቢቆምስ? ይጠገን ወይስ ሌላ ይገዛ? ብዙዎች መልሱን የሚሰጡት በፍቅር ወይም በንዴት ነው። አንዱ «ይህ ካሜራ ቤት አሠርቶኛል፣ አልለየውም» ይላል። ሌላው «አንዴ የተፈታ ዕቃ ዕቃ አይሆንም» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ሁለቱም ስሜት እንጂ ሒሳብ አይደሉም። ነጋዴ ደግሞ በስሜት ሲገዛና ሲሸጥ ትርፉ ለሌላ ነው።

የወጣ ገንዘብ ወጥቷል

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ከሒሳቡ መውጣት አለበት። ካሜራው ሲገዛ የተከፈለው ገንዘብ በውሳኔው ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። «60 ሺህ ብር አውጥቼበት እንዴት እጥለዋለሁ?» የሚል ነጋዴ ቢጠግነውም ቢጥለውም ያ 60 ሺህ ብር አይመለስም። መታየት ያለበት ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው ወጪና ከዛሬ ጀምሮ የሚገኘው አገልግሎት ብቻ ነው።

በአንጻሩ ብዙዎች የሚረሱት ሌላ ዋጋ አለ። የተበላሸ ካሜራም ቢሆን ለመለዋወጫ ይሸጣል። የሚጠግን ሰው ያን ገንዘብ ትቷል ማለት ነውና ከጥገናው ወጪ ጋር ሊደመር ይገባል።

የመተኪያውም ዋጋ ቢሆን የትናንቱ ሳይሆን የዛሬው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚህ ተነስቶ «የካሜራ ዋጋም በዚያው ልክ እጥፍ መሆን አለበት» የሚል ሻጭ ካለ ግን ገዢው ቆም ብሎ ቢጠይቅ አይከፋም። ከዱባይ በሻንጣ ለሚመጣ ካሜራ የሚከፈለው ዶላር ከጥንቱም የጥቁር ገበያ ዶላር ነበር፤ እሱ ደግሞ ከለውጡ በፊትም ከ100 ብር በላይ ይመነዘር ነበር።

ያም ሆነ ይህ የብር አቅም ሲዳከም ሚዛኑ ወደ ጥገና ማዘንበሉ አይቀርም። ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣ ካሜራ ዋጋው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ዶላር ነው። ጥገና ግን ግማሹ መለዋወጫ፣ ግማሹ የባለሙያ እጅ ነው፤ እጁ የሚከፈለው በብር ነው። በዶላር ርካሽ ዘመን «ጣለውና ሌላ ግዛ» የሚለው ምክር ያስኬድ ነበር። ዛሬ አብሮት የሚሄድ ገበያ የለም።

በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት የለም

ሁሉም ብልሽት እኩል አይደለም። የካሜራ ሹተር እንደ መኪና ፍሬን ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ካኖን ለፋይቭ ዲ ማርክ 3 ካሜራው ያወጣው የሹተር ዕድሜ 150,000 ጠቅታ ነው፤ ለሲክስ ዲ ደግሞ 100,000። በአንድ ሠርግ 2,000 ጊዜ የሚጫን ፎቶ አንሺ 150,000ውን በ75 ሠርግ ይጨርሰዋል ማለት ነው። እርግጥ ቁጥሩ ግምት በመሆኑ ከዚያ በፊት የሚቆምም፣ ከዚያ አልፎ ብዙ የሚሄድም አለ። ሹተር ያለቀበት ካሜራ ሌላ አካሉ ጤነኛ ከሆነ በጥገና ይነሳል። የባትሪ መያዣ፣ የካርድ ማስገቢያ፣ የፍላሽ መግጠሚያና የመጫኛ ቁልፍም እንዲሁ ናቸው።

ቦርዱ ወይም ሴንሰሩ የሄደ ካሜራ ግን ሌላ ነገር ነው። የእነዚህ መለዋወጫ ዋጋ ያገለገለ ሙሉ ካሜራ ሊገዛ ምንም አይቀረውም። ውኃ የገባበትም ከዚሁ ይመደባል። በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ጠበሉ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ ካሜራውም ድርሻውን ይወስዳል። የረጠበ ካሜራ ባትሪው ወዲያው መውጣት አለበት። «ይሠራ እንደሆን ልየው» ብሎ ማብራት ነው ቦርዱን የሚያቃጥለው። ደርቆ ቢነሳ እንኳ ዝገቱ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ካሜራ አስጠግኖ ለሠርግ መውጣት በሰው ሠርግ መቆመር ነው።

ጥፋቱ የአምራቹ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ የሠራቸው የምስል ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሹ በመገኘታቸው ካኖን፣ ኒኮንና ሌሎችም ኩባንያዎች በነጻ ለመጠገን ተገድደዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኒኮን የዲ600 ካሜራው ፎቶ ላይ ነጠብጣብ ስላበዛ የዋስትና ጊዜው ላለፈበትም ጭምር ሹተሩን በነጻ እለውጣለሁ ብሎ ነበር። ስለዚህ ኪስ ከመዳበስ በፊት ያ ሞዴል የታወቀ በሽታ እንዳለው መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል

ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ካሜራ እንውሰድ። ሹተሩ አልቋል እንበል። ጥገናው 24,000 ብር ይፈጃል፤ ከተጠገነ 20 ወር ይሠራል። ሳይጠገን ለመለዋወጫ ቢሸጥ 8,000 ብር ያወጣል። በእሱ ቦታ ያገለገለ ደህና ካሜራ ቢገዛ 90,000 ብር ያስወጣል፤ 45 ወር ያገለግላል።

የጥገናው እውነተኛ ወጪ 24,000 እና የቀረው 8,000 ተደምሮ 32,000 ብር ነው። ለ20 ወር ሲካፈል በወር 1,600 ብር ይሆናል። አዲሱ ግዢ 90,000 ለ45 ወር ሲካፈል በወር 2,000 ብር ነው። በዚህ ስሌት ጥገና በወር 400 ብር ያተርፋል።

ይሁንና ጥገናው በጎንደር ካልተቻለ ካሜራው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ የሚያስተማምን ስላልሆነ፣ በአውሮፕላን የሚሄድ ዘመድ እስኪገኝ መጠበቅም አለ። በዚህ መሀል ለ8 የሠርግ ቀን በቀን 1,500 ብር ካሜራ ቢከራይ 12,000 ብር ይጨመራል። ወጪው 44,000 ብር ሆነ፤ በወር 2,200 ብር ማለት ነው። አሁን ደግሞ መግዛቱ ተሻለ።

እንግዲህ ያው ካሜራ፣ ያው ብልሽት፣ ያው ዋጋ ሆኖ መልሱን የገለበጠው የቀን መቁጠሪያው ነው። በጥር የተበላሸ ካሜራ ይተካል ወይም በኪራይ ይታለፋል። ሠርግ በማይደገስበት በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ውስጥ ግን ካሜራው ሥራ ፈት ስለሆነ ሦስት ሳምንት ቢቆይም የሚጎድል ገቢ ጥቂት ነው። ብልህ ባለ ፎቶ ቤት እስኪሰበር አይጠብቅም፤ ሹተሩ ሲዳከም በጾሙ ወራት ያስለውጠዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከእጅ አይሻል ዶማ

መግዛቱ ተሻለ ሲባልም የሚገዛው ዕቃ መታወቅ አለበት። ያገለገለ ካሜራ የሚያሻሽጥ ደላላ ውጫዊ መልኩን ያሳያል፤ ፕላስቲኩ አልተጫረም፣ ሳጥኑም አለ ይላል። መጠየቅ ያለበት ግን ስንት ጊዜ እንደተጫነ ነው። በኒኮን ካሜራዎች ቁጥሩ በተነሳው ፎቶ ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በብዙዎቹ የካኖን ሞዴሎች ደግሞ ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። 130,000 ጊዜ የተጫነን ካሜራ በ90,000 ብር የገዛ ሰው የሰው በሽታ ነው የገዛው። መኪና ያለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የማይገዛ ነጋዴ ካሜራ ያለ ቁጥር ለምን ይገዛል?

የዓለም ገበያውም መታየት አለበት። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር። በ2023 የቀረበው 8 ሚሊዮን አልሞላም። ቀሪውን የበላው የእጅ ስልክ ነው። በመሆኑም ትንሿ የኪስ ካሜራ ከተበላሸች መጠገኗም መተካቷም ብዙ አያዋጣም፤ ደንበኛው ራሱ በስልኩ የሚያነሳውን ፎቶ ገንዘብ ከፍሎ አያስነሳም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ትውልድ እየለወጡ ነው። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ይህ ለፒያሳ ሁለት ነገር ያመጣል። በአንድ በኩል የባሕር ማዶው ባለሙያ አሮጌውን እየሸጠ ስለሆነ ያገለገለው ይረክሳል። በሌላ በኩል የአሮጌዎቹ ሞዴሎች መለዋወጫ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ይሄዳል። ከካሜራው ይልቅ ዋጋውን የሚጠብቀው ሌንሱ ነው። ስለዚህ አካሉን የሚለውጥ ሰው ያሉትን ሌንሶች የሚቀበል አካል ካልመረጠ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆናል።

የ8,000 ብር እምነት

እስካሁን ጥገናው ይሳካል ተብሎ ነው የተሰላው። ከአራት ካሜራ አንዱ ተጠግኖ ወዲያው ቢበላሽስ? አራት ደንበኞች በ24,000 ሒሳብ 96,000 ብር ይከፍላሉ። የተነሱት ሦስቱ ካሜራዎች ለመለዋወጫ ቢሸጡ ያወጡ የነበረው 24,000 ሲጨመር 120,000 ብር ይሆናል። የተገኘው አገልግሎት ደግሞ የሦስቱ 60 ወር ነው። በወር 2,000 ብር፤ ልክ እንደ ግዢው። የጥገናው ትርፍ ተኖ ጠፋ።

አሁን አንድ ባለሙያ ተነስቶ «ካልሠራ ገንዘብህን እመልሳለሁ» ብሎ በጽሑፍ ደረሰኝ ቢሰጥስ? ያን ጊዜ ደንበኛው እስከ 32,000 ብር ቢከፍል እንኳ ከግዢው አይከስርም። ባለሙያውም ለአንዱ ገንዘቡን መልሶ ከሦስቱ 96,000 ብር ይቀበላል፤ ይህም ያለ ዋስትና ከአራቱ ይሰበስብ የነበረው ነው። ስህተቱን ከአራት አንድ ወደ አሥር አንድ ካወረደው ትርፉ የራሱ ነው። ከ24,000 እስከ 32,000 ያለው 8,000 ብር የመለዋወጫ ዋጋ አይደለም፤ የእምነት ዋጋ ነው።

ዛሬ ይህ ገንዘብ ማንም ሳያነሳው መንገድ ላይ ወድቋል። በፒያሳ ገንዘቡን የት ላውል እያለ ሌላ ካፌ ወይም ሌላ የሞባይል ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ካለ ቢያስብበት ይበጃል። ሁለት የሠለጠኑ ልጆች፣ ለመለዋወጫ የሚፈቱ ጥቂት አሮጌ ካሜራዎች፣ በጣም የሚጠፉ የሹተር ዓይነቶች፣ በጥር የሚከራዩ ሦስት አራት ካሜራዎችና ማኅተም ያለው የዋስትና ወረቀት በቂ መነሻ ነው። ደንበኛው ጎንደር ብቻ አይደለም፤ ከደባርቅም ከዳባትም ይመጣል።

ባለ ፎቶ ቤቱም ሥራው ቀላል ነው። በየሠርጉ ከሚቀበለው ላይ ለካሜራው ምትክ ጥቂት መቶ ብር ለይቶ ያስቀምጥ፤ የጠቅታውን ቁጥር በየወሩ ይመዝግብ። በምሳሌው ካሜራ በወር 2,000 ብር የለየ ሰው ከ45 ወር በኋላ 90,000 ብሩ በእጁ ነው። ካሜራው የሚሞትበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ መሞቱ ግን የታወቀ ነውና የቀብሩን ወጪ አስቀድሞ ያላዋጣ ነጋዴ በጥር ወር ተበድሮ ይቀብረዋል።