ዲበገር ማዛወር የተናቀ ሥራ አይደለም

በማኅበራችን ውስጥ ኮምፒዩተር ከሚያጠኑት ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፣ «ዲበገርን ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ማዛወር የሬጅስተር ስም መለወጥ ብቻ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይበቃም» ሲሉ ይደመጣሉ። ይህ አስተያየት ፍጹም የተሳሳተ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ብቅ ያለውን ጂ.ዲ.ቢ.ንና እ.ኤ.አ. በ2010 በርክሌይ ላይ የተጀመረውን ሪስክ ፋይቭን እንውሰድ። ዲበገር ፕሮግራምን የሚያስቆመው በትእዛዙ ቦታ የማቆሚያ ትእዛዝ ተክቶ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ማቆሚያው 1 ባይት ብቻ ስለ ሆነ የትም ይገባል። በሪስክ ፋይቭ ግን ባለ 2 እና ባለ 4 ባይት ትእዛዞች ተደባልቀው ይገኛሉ። በባለ 2ቱ ላይ ባለ 4ቱን ማቆሚያ የጻፈ ሰው ጎረቤቱን ትእዛዝ ያበላሻል።

ከዚህም የባሰ አለ። ጂ.ዲ.ቢ. በሊኑክስ ላይ የሪስክ ፋይቭን ፕሮግራም አንድ እርምጃ ለማራመድ ቀጣዩን አድራሻ ራሱ አስልቶ እዚያ ማቆሚያ ይተክላል። ማቆሚያው ኤልአር እና ኤስሲ በተባሉት ጥንድ ትእዛዞች መካከል ከወደቀ፣ የመጀመሪያው ያስያዘው ቦታ ይፈርሳል፤ ሁለተኛው ይከሽፋል፤ ፕሮግራሙም እንደ አውድማ በሬ እዚያው ሲዞር ይኖራል። (የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነገሩ የገባው ሦስት ሌሊት ካነጋ በኋላ ነው።)

ታዲያ ይህ ስም መለወጥ ነው? ፕሮሰሰሩን የሚገልጸው ሰነድ ለማንም ክፍት ነው። ቺፑን መግዛትም የግድ አይደለም፤ ኪውኢሙ በተባለው አስመሳይ ፕሮግራም በየክፍላችን ባለው ኮምፒዩተር ላይ መሥራት ይቻላል። ርእስ ያልመረጣችሁ ጓደኞች በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት።