«ትንሽ ትንሽ ይችላል»

ወላጅ ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ። ለቀረጥ ሠራተኛ ሲዋሽ፣ ለአከራይ ሲዋሽ፣ ለዕቁብ ዳኛ ሲዋሽ... ልጁን አጠገቡ አቁሞ ስለ ልጁ ሲዋሽ ግን ባለፈው ታኅሣሥ ያየሁትን ያህል ያስከፋኝ የለም። ቦታው ኮሎራዶ ነው፤ ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ፣ የበረዶ ሸርተቴ ማስተማሪያ መመዝገቢያ መስኮት ፊት። ዋሺው የእህቴ ባል፣ የተዋሸበት የስምንት ዓመት ልጁ። ፎርሙ «ልጁ ስኪ ሞክሮ ያውቃል ወይ?» ይላል። አባት ሆዬ እስክሪብቶውን አነሳና «ትንሽ ትንሽ ይችላል» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ልጁ በዕድሜው የተንሸራተተው አውሮራ ካለው ቤታቸው ጀርባ ባለች ጉብታ፣ የፕላስቲክ ሳፋ የመሰለ ነገር ላይ ተቀምጦ ነው። እሱንም ሁለቴ።

«ምነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ከሕፃናት ጋር ይመድቡት ይላሉ እንዴ?»

የዛሬው ጠቤ ከዚያች ምልክት ጋር ነው።

የዋዜማውን ማታ ስንከራከር ነበር ያመሸነው። አባት የግል አስተማሪ ይቀጠርለት ባይ ነው፤ «ልጄ ከማን ያንሳል?» የግል ትምህርት ደግሞ ከቡድኑ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። እህቴ ገንዘቡን አሰላችና «ለምን አንተው አታስተምረውም?» አለችው። ሰውየው እግሩን ስኪ ላይ አኑሮ አያውቅም። ቪዲዮ ግን አይቷል፤ እንቢም አላለም! ጭራሽ ሮቤል ተክለማርያምን ጠቀሰልን፤ «ኢትዮጵያዊ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድሯል እኮ!» ልክ ነው፣ ተወዳድሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር። ነገር ግን ሮቤል የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ከተራራ አናት ቁልቁል በመወርወር አይደለም። ስኪ የለመደውም በልጅነቱ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ በጊዜ ብዛት ነው። በአባቱ የአንድ ሌሊት ቪዲዮ አይደለም።

በመጨረሻ በገንዘብ ምክንያት የቡድን ትምህርቱ አሸነፈ። ደረጃውን ግን አባትየው በእስክሪብቶው ወሰነው።

ነገሩን ላላያችሁት ላስረዳ። እዚያ ለጀማሪ ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት መሄድ አይደለም፤ መቆም ነው። የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ከኋላ ሲከፍታቸው የፒዛ ቁራሽ ይመስላሉ። ስሙም «ፒዛ» ነው፤ ፍሬን ማለት ነው። ጎን ለጎን ሲያስተካክላቸው ደግሞ «የድንች ጥብስ» ይሉታል፤ ያኔ ይፈተለካል። ይህን የሚማሩት ሜዳ ሊባል በሚችል ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ላይ የሚመልሳቸውም ዝግ ብሎ የሚጓዝ ምንጣፍ አለ። መውደቅንና መነሳትንም እዚያው ይማራሉ። ከዚያ ነው አረንጓዴ ክብ ምልክት ያለበት ቁልቁለት፣ ቀጥሎ ሰማያዊው አራት ማዕዘን፣ ጎበዝ ለሆነ ደግሞ ጥቁሩ አልማዝ። (የእነሱ በረዶ ሲወርድ ድምፅ የለውም፤ እንደኛው ቆርቆሮ አይደበድብም። ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ይመስለኛል።) ፒዛ ያልለመደን ልጅ ቁልቁለት አናት ላይ ማውጣት፣ ፍሬን የሌለው መኪና እንጦጦ ላይ አስነስቶ «በል ንዳ» እንደ ማለት ነው።

ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። ልጁ አናት ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድም ብሏል። አስተማሪዋ በእግሮቿ መሃል ይዛ ቀስ እያለች አወረደችው፤ ሌሎቹ ልጆች ታች ቆመው ጠበቁት። ማታ እራት አልበላም። እናቱን «ማሚ፣ እኔ ሰነፍ ነኝ አይደል?» አላት። አባቱ ይህን ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነግሬያችሁ ነበር፤ የግል ነበር የሚያስፈልገው! አጠገቡ ቆሜ እየቀረጽኩ አበረታታዋለሁ።»

የግል ትምህርት መጥፎ ነው አልልም። የአካል ጉዳት ላለበት፣ ቋንቋው ለሚቸግረው፣ በሰው መሃል ለሚጨንቀው ልጅ ተገቢ ነው። ለቀረው ግን ምን ይሰጠዋል? ቀኑን ሙሉ አንድ አዋቂ እሱን ብቻ ያያል፤ ሲወድቅ ብቻውን ይወድቃል። በቡድኑ ውስጥ አምስት ልጅ ሲወድቅ መውደቅ ጨዋታ ይሆናል። አባትና እናት በካሜራ ሲጨመሩበትማ ፈተና እንጂ ዕረፍት አይደለም።

ይህን ስል ራሴን ነፃ አላወጣም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለጀማሪ ተማሪዎች በሁለተኛው ሳምንት የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አሸክማቸው ነበር። ገና ልብ ወለድ ማንበብ ለለመደ ልጅ «አደፍርስ»! «ደረጃችን ከፍ ያለ ነው» እል ነበር፤ ደረጃው የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። የክፍሉ እኩሌታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አፉን አልከፈተም። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን ስንፍና አልኩት። ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል።

የእህቴን ባል ስሜት አጣሁት እንዳትሉ። ሁለት ሥራ ይሠራል። ልጁ ከዕረፍት ሲመለስ የክፍል ጓደኞቹ የትኛውን ተራራ እንደወረዱ ያወራሉ፤ የእሱ ልጅ ብቻ አፉን ይዞ እንዳይቀመጥ ፈርቷል። አገር ቀይሮ ከዜሮ የጀመረ ሰው ልጁ ደግሞ ከዜሮ ሲጀምር ማየት ያመዋል። ይገባኛል። ግን ቁስሉ የአባት ሆኖ ሳለ ፋሻው ለምን ልጁ ላይ ይጠመጠማል? ይህ ሁሉ ጭንቀት መስኮቱ ላይ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች እንኳ አስረስቶታል። አንድ አስተማሪ ስንት ልጅ ይይዛል? ነገም ያቺው አስተማሪ ትመጣለች? ልጅ ቢያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ? ምሳና ሄልሜት ዋጋው ውስጥ አሉ? አንዱንም አልጠየቀም። የጠየቀው ሰማያዊው ላይ መቼ እንደሚወጡ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሌላ ሴት ነበረች። ፎርሙን አየችና ለአባቱ ሳትሰጠው ጎንበስ ብላ ልጁን ራሱን ጠየቀችው። «መቆም ትችላለህ?»

ልጁ አባቱን አየ። አባቱ ጓንቱን ያስተካክላል።

«አልችልም» አለ።

ከአምስትና ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር መደቡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥሩ ጋ ሄደን ቆምን። ቢጫ ሄልሜት ካደረገች አንዲት ልጅ ጋር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተያይዘው ወድቀዋል፤ ማን በማን ላይ እንደወደቀ አይታወቅም፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አባትየው ስልኩን አወጣ። «እባክህ አስቀምጠው፣ ካየህ ያቆማል» አልኩት።

አላስቀመጠም።