ለተማሪ የሚገዛ የመኝታ ልብስ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ተማሪዎች የመኝታ ልብስ ያለኝን አሳብ ለአንባቢያን ለማካፈል ስለፈለግሁ፣ ይህችን አጭር ጽሑፍ በአስተያየት መስጫው ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ለአንዳንዶች ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት የሚልክ ወላጅ፣ በተለይም በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ፣ ተራ አለመሆኑን ያውቀዋል።

እኔ የምኖረው በወላይታ ሶዶ ከተማ ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ከአገራችን ከአራቱም ማዕዘን የሚመደቡ ወጣቶች በየዓመቱ ወደ ከተማችን ይመጣሉ። አብዛኞቹ ከሻንጣቸው ሌላ አንድ ትልቅ ጥቅልል ተሸክመው ከመኪና ይወርዳሉ። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዞ እንዲመጣ ያሳስባሉና፣ ወላጅ ይህንን በሰማ ጊዜ ወደ ገበያ ይገሰግሳል። እዚያም ደርሶ የሚጠይቀው «ወፍራሙ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። የእኔ ክርክር ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። «ታጥቦ በአንድ ቀን ፀሐይ የሚደርቀው የትኛው ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ።

በመጀመሪያ የአገሩን አየር እንመልከት። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አጥንት የሚሰብር ብርድ የለባትም። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ልጅ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚመክት ተጭኖ ይመጣል፤ ከአፋር ቆላ የሚመጣው ደግሞ አንዲት ስስ ጨርቅ ይዞ ይመጣና ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ሁለቱም ወላጆች የገዙት ለራሳቸው አገር ነው። በሌላ በኩል ዝናብ በወላይታ ብርቅ አይደለም፤ በበልግም ይዘንባል፣ በክረምትም ይዘንባል። ያ ወፍራም ባለ አበባ ብርድ ልብስ በዝናብ ወራት አንድ ጊዜ ውኃ ከጠጣ ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ይከርምና ይሸታል። ተማሪውም ይህን ስለሚያውቅ ሳያጥበው ዓመቱን ይገፋል።

ሁለተኛው የጤና ነገር ነው። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ስፍራ እከክ፣ ቅማልና ትኋን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ቅርብ ናቸው። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቆይም። ትኋን ግን በፍራሽ ስፌትና በአልጋ ብረት መጋጠሚያ ተደብቆ ያለ ምግብ ወራት ይቆያል። ለሁሉም የሚበጀው 60 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውኃ ማጠብ ነው። የጥጥ አንሶላ ይህንን ይችላል፤ ያ ባለ አበባው ግን በሙቅ ውኃ መልኩ ይበላሻል። ትምህርቱ ወይም ዕረፍቱ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ቆላ የሚወስደው ተማሪም፣ በወባ ምክንያት አጎበር ራሱ የመኝታ ልብስ መሆኑን አይዘንጋ።

ሦስተኛው ልክ ነው። የተማሪ አልጋ ጠባብና ብዙውን ጊዜ ተደራራቢ ነው። ለሜትር ከሃምሳ አልጋ የተሠራ ልብስ ከላይኛው አልጋ ተንጠልጥሎ ከታች ያለውን ጓደኛ ፊት ይሸፍናል፤ ከታችኛው ላይ ሲሆን ደግሞ መሬት ይጠርጋል። «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ ምን ይገዛ ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። ሁለት ፈካ ያለ ቀለም ያላቸው የጥጥ አንሶላዎች፣ ሁለት የትራስ ልብሶች፣ አንድ ቀለል ያለ ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ይበቃሉ። ፈካ ያለ ቀለም ያልሁት የትኋን ነጠብጣብ ወዲያው እንዲታይበት ነው። አንሶላውን ከአቡጀዲ አስቆርጦ በልብስ ሰፊ ማስጠለፍም ይቻላል። ጋቢው ከወላይታ ሸማኔ እጅ ቢገዛ ደስ ይለኛል፤ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ሥር ይደረባል፣ ማታ ሲጠና ከትከሻ ላይ ይጣላል። ቡሉኮው ግን ለማጠብ ከባድ ነውና በቤት ይቆይ፤ ያሸበረቀው ዱንጉዛም ለጊፋታ በዓል ይሁን።

«ወፍራም ብርድ ልብስ የወላጅ ፍቅር ምልክት ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ፍቅሩን አልነቅፍም። ነገር ግን በገጠር ያለ አባት፣ ልጁ ከጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር ብሎ በጉን ሸጦ ወይም ተበድሮ እንዲህ ያለውን ልብስ ሲገዛ፣ ለደብተርና ለመመለሻ መሳፈሪያ የሚሆነው ገንዘብ በዚያው ይቀራል። እኛ ደመወዝተኞች በውድድር የምንገዛው ነገር ነው ይህንን ድኻ አባት የሚያስጨንቀው። የእኛ ልጆች ቀለል ያለውን ይዘው ቢገቡ የእርሱም ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል።

በመጨረሻም ሁለት ልመና አለኝ። ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪ ማስታወቂያቸው የአልጋውን ርዝመትና ስፋት፣ የከተማውንም የአየር ጠባይ በአንድ መስመር ቢገልጹ ወላጅን ከብዙ ወጪ ያድናሉ። በየግቢውም ጣራ ያለው የልብስ ማስጫ ቢበረክት፣ ንጽሕናን በቃል ከመስበክ ይልቅ በሥራ ማስተማር ይሆናል። ወላጆች ደግሞ ከልብሱ ጋር የማጠብን ልማድ አብረው ይላኩ። ንጹሕ አልጋ ላይ ያደረ ተማሪ ነውና በማግሥቱ ትምህርቱን በንቃት የሚከታተለው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከወላይታ ሶዶ