ግዙፍነት የጥንካሬ ዋስትና አይደለም

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በዓለም ዙሪያ የአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራ መስተጓጎሉ ይታወሳል። ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ያሠራጨው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ። ጉዳዩን የአንድ ኩባንያ ስህተት አድርጎ ማለፍ ግን ነገሩን ከላይ ከላይ ማየት ይሆናል። መነሳት ያለበት መሠረታዊ ጥያቄ፣ አንድ ስህተት መላውን ኮምፒዩተር ሊያቆም የቻለው ለምንድን ነው? የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው፣ የማንኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ከርነል ነው። ማህደረ ትውስታን የሚያከፋፍለው፣ ፕሮግራሞችን በተራ የሚያሠራውና አንዱ የሌላውን ድንበር እንዳይጥስ የሚቆጣጠረው እርሱ ነው። ከእርሱ በላይ ዳኛ የለም። በመሆኑም በከርነሉ ክልል የገባ ማንኛውም ኮድ የዳኛውን ሥልጣን ይጋራል፤ ሲሳሳትም ሁሉን ይዞ ይወድቃል። የክራውድስትራይክ ፕሮግራም የወደቀው በዚሁ ክልል ውስጥ ነበር። ችግሩም የዊንዶውስ ብቻ አይደለም፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ መስመር ያለው ሊነክስም አብዛኞቹን ድራይቨሮች በዚያው ክልል ያኖራል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ከርነሉን የማሳነስ ሐሳብ የቆየ ነው። ሆኖም በ1980ዎቹ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማክ አዝጋሚ ሆኖ በመገኘቱ፣ ብዙዎች ሐሳቡ ራሱ አያዋጣም ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። ጀርመናዊው ዮኸን ሊድትኬ ግን ድክመቱ የአሠራር እንጂ የመርሕ አለመሆኑን በተግባር አረጋገጠ። ከርነሉን ከመሠረቱ እንደ አዲስ በመገንባት፣ በፕሮግራሞች መካከል የሚተላለፍ አጭር መልእክት ከማክ 20 እጥፍ ገደማ እንደሚፈጥን በ1993 አሳየ። ቀጥሎ በሠራው ኤል 4 የተከተለው መመሪያም ግልጽ ነበር፤ ከከርነሉ ውጭ ሊሠራ የሚችል ሁሉ ከከርነሉ ይውጣ። ቀላልነትና ፍጥነት ተቃራኒዎች ሳይሆኑ ተደጋጋፊዎች ሆነው ተገኙ።

ትንሽነት ለቁጥጥርም ይበጃል። በ2009 በሲድኒ የተጠናቀቀው ኤስኢኤል 4፣ 8,700 ያህል መስመር ብቻ ስለነበረው፣ ከተነደፈለት ዓላማ ፈቀቅ እንደማይል በሒሳብ ማረጋገጫ ተመስክሮለታል።

ይህ ማለት ግን ትንሽ ከርነል የሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ድራይቨሩ፣ የፋይል አያያዙና የኔትወርኩ ሥራ ከውጭ ይቆየዋል፤ ይህም ዓመታት ይጠይቃል። የአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ሲኤስአይአርኦ በ2021 ለዚሁ ቡድን የሚሰጠውን ገንዘብ ማቋረጡ፣ መሠረት የሚጥል ሥራ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዘነጋ ያመለክታል።

ሆስፒታሎችን በኮምፒዩተር የሚያስተዳድር ኅብረተሰብ፣ ከርነሉ ምን ይጨምር? ከማለቱ በፊት ምን ይቀነስ? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል ብለን እናምናለን።