ለቆመችው ቮልስ ስንት እንበል?

ጡረታ የወጡት መምህራችን ጎማዋ ተንፍሶ ለቆመችው ቮልሳቸው ዋጋ እንድናቀርብ ጠይቀውናል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሞተሯ አይነሣም ብለን ዋጋዋን እንስበር» ይላሉ። እኛ አንደግፍም። የመምህሩን የገበያ አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግ አይገባንም። ደግሞም የቮልስ ሞተር በ4 ብሎን የታሰረ ስለ ሆነ ወርዶ ይሠራል። የሚያስፈራው ዝገት ነው፤ ይልቁንም ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል። ስለዚህ አስቀድሞ ወንበሩ ይነሣ (አይጥም ሳይኖርበት አይቀርም)። ከደህና ቮልስ ዋጋ ላይ የላሜራው፣ የሞተሩ፣ የፍሬኑና የጎማው ወጪ ይቀነስ፤ ሒሳቡንም በወረቀት እናሳያቸው። ደላላው ግን «ከእንግዲህ አትገኝም» እያለ ዋጋ ይሰቅላል። የመጨረሻዋ ቮልስ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ መውጣቷ እውነት ነው፤ የወለሉን ቀዳዳ ግን አይደፍንም። ሊብሬዋም ሳይታይ ቀብድ አይከፈል።